ቀድመው ሰላም ያሉት አባት

ተረት ተረት!

ምነው ዝም አላችሁ? «የላም በረት» በሉኝ እንጂ። የዛሬው ወሬዬ ተረት አይደለም፤ ሰውየው ኖረዋል፣ ሠርተዋል፣ አርፈዋል። ሆኖም በተረት ደጃፍ የገባሁት ያለ ነገር አይደለም። ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ካለ በኋላ አፉን ይዘጋል። ልጆቹ «የላም በረት» እስኪሉት ድረስ ጦጣዋም ከዛፏ አትወርድም፣ ጅቡም ከጉድጓዱ አይወጣም። ሲጨርስም እንዲሁ ነው፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ሲጀምር መልስ ይጠይቃል፣ ሲጨርስም መልስ ይጠይቃል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ተነሡና ወደ ደቡብ እንውረድ። በሻሸመኔና በሶዶ አድርገን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዝን በኋላ አርባ ምንጭ ልንገባ ስንቃረብ በግራችን ቀላ ያለው የዓባያ ሐይቅ ተዘርግቷል፣ በቀኛችን የጋሞ ተራሮች ቆመዋል። ላንቴ የምትባለው ሜዳ ላይ ነው ያለነው፤ ሙዙም ማንጎውም እዚህ ነው። ከሜዳው ወደ ተራራው ሽቅብ ከወጣን ቋጥኝ ላይ የተቀመጠ አገር እናገኛለን። ኦቾሎ ይባላል።

ኦቾሎን የውጭው ዓለም የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በሽታ ነው። ፊት ላይ ወጥቶ ጠባሳ ትቶ የሚሄድ፣ ልጆችን የሚያጠቃ የቆዳ በሽታ ነው፤ እኛ ቁንጭር የምንለው፣ እነርሱ ቦልቦ የሚሉት። ከዋሻውና ከቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ ሽኮኮ ትኖራለች፤ እሷ የተሸከመችውን ነገር አንዲት ትንሽ ዝንብ ወደ ሰው ታሻግረዋለች። ይህንን ሊያጠኑ የመጡ ሐኪሞች ከአምሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ተመላልሰውባታል። ሁለተኛው ደግሞ ንግግር ነው። በዚያው ከሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ ማርክ አቤሌስ የሚባል ፈረንሳዊ ወጣት አጥኚ እዚያ ተቀምጦ የኦቾሎን ሸንጎ ሲመለከት ከረመ፤ በ1983 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠርም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የጥንት ግሪክን ሸንጎ የሚያጠኑ የፓሪስ ምሁራን «ዴሞክራሲ የአቴናውያን ብቻ ነው ያለው ማነው?» ብለው ሲከራከሩ ኦቾሎን ምስክር አድርገው ይጠራሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ፓሪስ አዳራሽ ውስጥ የኦቾሎ ስም ከአቴና ጎን ሲነሳ! እኛ ግን አርባ ምንጭ ሄደን ዓሣ በልተን፣ አዞ አይተን እንመለሳለን።

ሸንጎው የሚቀመጥበት ቦታ ዱቡሻ ይባላል። ጋሞ ውስጥ በየደሬው፣ ማለት በየአገሩ፣ ዱቡሻ አለ። ሰው በየማዕረጉ ይቀመጣል። ምርቃት ይቀድማል፤ ለምድሩ፣ ለከብቱ፣ ለሚወለደው። ከዚያ ነገር ያለው ይነሳል፤ ሌላው ጆሮውን ይሰጣል። ዱቡሻ ላይ የሚናገር ሰው የሚናገራቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ያያል። ሲጎረብጣቸው ያያል፣ ሲስማሙ ይሰማል። ቃሉ ልክ መሆን አለመሆኑን እዚያው ከፊታቸው ያነበዋል።

ዱቡሻን እንዲሁ አላሞግሳትም። የዱሮዋ ዱቡሻ ላይ ሴት አትናገርም። ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ አይናገርም። ልጅማ ማን ጠርቶት! ልጅ ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሳል፣ ቀድሞ ሰላም ይላል፣ ከዚያ ይላካል። ይህ ደግሞ የኦቾሎ ብቻ አይደለም፤ ከጎንደር እስከ ቦረና አንድ ነው። ሁላችንም እንዲያ ነው ያደግነው። «ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ አፉን ይይዛል» ያልተባለ ካለ እጁን ያውጣ።

በዚህ አገር ነው እንግዲህ አንድ ትልቅ ሰው በቴሌቪዥን ብቅ ብለው፣ ከልጅ ቀድመው፣ ለልጅ «ጤና ይስጥልኝ» ያሉት።

አወቃችኋቸው። ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፤ አባባ ተስፋዬ።

በሰኔ 1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ከዱ በምትባል ቦታ ተወለዱ። ጣሊያን አገሩን ሲወር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከአገሪቱ ወሬ ማሰራጫ ጋር ብታነጻጽሩት ይገርማል፤ በዚያው በ1928 ዓ.ም. ገደማ ነው አቃቂ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ የቆመው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ድምፁን ባሰማ በወራት ውስጥ ጠላት ደረሰበት፤ ጠላት ሲወጣ ደግሞ እንደገና ተነሣ። ያ ልጅም እንደዚያው ከጦርነቱ ተርፎ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲያ የኖሩት መድረክ ላይ ነው።

መድረኩን ዛሬ በምናውቀው አንለካው። ነጻነት በተመለሰ ማግስት ሴት ልጅ ሕዝብ ፊት ቆማ ቴአትር ልትሠራ? ነውር ነው፣ ቤተሰብም ይከሳል፣ ጎረቤትም ያማል። ድርሰቱ ግን ሴት አለበት፤ እናት አለች፣ ሙሽራ አለች፣ የተበደለች ሚስት አለች። እናስ ማን ይጫወታት? ወጣቱ ተስፋዬ ቀሚስ ለበሱ፣ ሻሽ አሰሩ፣ ድምፃቸውን ቀጠን አደረጉና ወጡ። በአገራችን መድረክ የሴትን ገጸ ባሕርይ ተላብሰው ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ ወንዶች አንዱ እሳቸው ናቸው።

ይቺ ቀላል ትመስላለች፤ አይደለችም። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ሕዝብ ፊት መቆሙን ለአንድ የባሌ ሽማግሌ ወይም ለአንድ የኦቾሎ ሀላቃ፣ ማለት ለባለማዕረግ፣ ብታወሩለት ምን እንደሚላችሁ አስቡት። ከወንድነት ሰገነት መውረድ ነው። እኔ ግን የአባባ ተስፋዬ ትምህርት ቤት እዚያ ይመስለኛል። የራሱን ድምፅ አስቀምጦ የሌላውን ድምፅ ያነሳ ሰው፣ በኋላ ልጆች ፊት ሲቀመጥ ትልቅነቱን ደጅ ጥሎ መግባት አይከብደውም። ዘፈንም ይችላሉ፣ ምትሃትም ይችላሉ፤ ከእጃቸው የነበረች ነገር ዓይናችሁ እያየ የት እንደገባች አታውቁም። አዝናኝ የሚባል ሙያ በተሟላ መልኩ እሳቸው ላይ ነበር።

ኮሪያም ሄደዋል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ጦር የቃኘው ሻለቃዎች በመርከብ ተጭነው ወደዚያ ሲጓዙ፣ ከአገሩ ርቆ በብርድ የሚዋጋውን ወታደር ሊያጫውቱ እሳቸውም ባሕር ተሻገሩ። ሲመለሱ አዲስ አበባ አዲስ ቴአትር ቤት ታገኛለች፤ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን የ25 ዓመት ዘመነ መንግሥት ኢዮቤልዩ ምክንያት አድርጎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ነው። ተስፋዬ ሣህሉ እዚያ ከሠሩት ተዋንያን አንዱ ሆኑ።

እዚህ ላይ ትንፋሽ ልውሰድ። እስካሁን ያወራሁላችሁ ሰው ተመልካቹን የሚያይ ሰው ነው። ተዋናይ ነዋ! አዳራሹ ሲስቅ ይሰማል፣ ሲያለቅስ ይሰማል፤ ሳቁ ሲመጣ ቃሉን ያቆያል፣ ሳቁ ሲያልቅ ይቀጥላል። ዱቡሻ ላይ እንደቆመ ሰው ነው። የሚቀጥለው ሥራቸው ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የንግሥ በዓል ዕለት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከፒያሳ ቁልቁል የሚመለከተው ያ አዲስ ሕንፃ ገና ቀለሙ አልደረቀም። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። የሚደርሰውም አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ደግሞ በየሰፈሩ አንድ ቢገኝ ነው። ያ ሰው ወዳጁ የበዛ ሰው ነበር! ቅዳሜና እሑድ ቤቱ በልጆች ይሞላል፤ ጫማ ደጅ ይደረደራል፤ የቤቱ እመቤት «እግራችሁን ጠርጋችሁ ግቡ» ይላሉ፤ ኋላ የደረሰ በመስኮት ያያል።

እንግዲህ ሳጥኑ በራ። አንድ የ41 ዓመት ጎልማሳ ብቅ አሉ። አርባ አንድ! በዚያ ዕድሜያቸው ነው አገሩ ሁሉ «አባባ» ያላቸው። እንዲህም አሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች! እንደምን ናችሁ ልጆች?»

አሁን ያቺን ያስያዝኳችሁን ነገር አምጡልኝ። «ተረት ተረት» ብሎ መልስ የሚጠብቀውን ሰው።

ያን ሰላምታ ዛሬ ሁላችን በቃላችን እንለዋለን፣ ስንቀልድም እናስመስለዋለን፤ ብዙ ስለሰማነው ግን ውስጡን አናይም። ጥያቄ ነው። «እንደምን ናችሁ ልጆች?» ብለው ይጠይቃሉ። ማንን? ፊታቸው ያለው የካሜራው ዓይን ነው፤ የማይስቅ፣ የማይመልስ፣ የማይርገበገብ ክብ መስተዋት። እሳቸው ግን ከዚያ መስተዋት ወዲያ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ የምትጠርግ፣ ጣቷን አፏ ውስጥ የከተተች አንዲት ልጅ ታየቻቸው። ጠየቋት። ልጅቷም ጮክ ብላ «ደህና!» አለች። ለሳጥን! ይህን ያላደረገ የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ የለም ብል አልተሳሳትኩም። ጎረቤት ቤት የተሰበሰቡ ልጆች በሙሉ፣ እንደ ማኅበር ተቀባይ፣ «ደህና!» ብለው ይመልሳሉ። የቤቱ ባለቤት ይስቃሉ። አባባ ተስፋዬ አይሰሙም። ግን የሰሙ ያህል አድርገው ይቀጥላሉ።

የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ሙያ ሁሉ እዚህች ውስጥ ነው ያለው። ቆንጆ ድምፅ እግዜር ይሰጣል፤ ጥሩ አማርኛ ትምህርት ቤት ይሰጣል። የማትሰማውን መልስ መጠበቅ ግን ከጨዋነት የሚመጣ ነው። ዛሬ ጆሯችንን የሚያደነቁሩን ብዙ አቅራቢዎች እስክስታ እየወረዱ «እንዴት ናችሁ?» ይላሉ፤ ጥያቄው ሳያልቅ ስፖንሰሩን ይጠራሉ። እኔ በእነርሱ ቤት እንዴት እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም።

ደግሞም ልብ በሉ፤ ቀድመው ነው ሰላም የሚሉት። ልጅ ነው ትልቅ ሰውን ቀድሞ ሰላም የሚለው ብያችኋለሁ። እሳቸው ሥርዓቱን ገለበጡት። «ጤና ይስጥልኝ» ደግሞ ለልጅ የሚባል ቃል አይደለም፤ ለክቡር እንግዳ፣ ለጌታ፣ ለእመቤት ነው። ለልጅማ «ና እስቲ አንተ!» ነው የሚባለው።

ከሰላምታው በኋላ ተረቱ ይመጣል። ጦጢት አለች፣ አያ ጅቦ አለ፤ ብልጥ አለ፣ ሞኝ አለ። መዝሙር አለ። ምትሃትም አለ። ተረቱ ሲያልቅ ምክር አይቀርም፤ የእኛ ተረት ያለ ምክር አያልቅም። ፕሮግራሙ «የልጆች ጊዜ» ነበር ስሙ። ሕዝቡ ግን ስሙን ቀይሮ «አባባ ተስፋዬ» አለው፤ ሰውየውና ሰዓቱ አንድ ሆኑ።

መቼም አድንቄ ብቻ ካለፍኩ ኦቾሎን በከንቱ ነው ያነሳኋት። እነዚያ «ልጆች» እነማን ነበሩ?

በ1957 ዓ.ም. ኦቾሎ ላይ አንድ ልጅ አለ እንበል። ቴሌቪዥን አላየም፤ ገና ቃሉንም አልሰማም። አርባ ምንጭ ራሷ አዲስ ከተማ ናት፤ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ እርሷ ከወረደ ገና ጥቂት ጊዜው ነው። ይህ ልጅ አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው። ተረቱን የሚሰማው ማታ እሳት ዳር ከአያቱ ነው፤ የእርሱም ተረት ውስጥ ጅብ አለ፣ ጦጣ አለች፤ ቋንቋቸው ግን ጋሞኛ ነው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ቢባል ማን ለማን እንደተናገረ አያውቅም። አባባ ተስፋዬ በአማርኛ ለአዲስ አበባ ልጅ ነበር የሚያወሩት፤ ጣቢያውም እንዲያ ነበር፣ ዘመኑም እንዲያ ነበር።

ግን ይህ ልጅ ኦቾሎ አልቀረም እንበል። የጋሞ ሰው ሸማኔ ነው። ዶርዜው ስሙ ቢገንም፣ ከጨንቻውም ከሌላውም ደሬ ብዙ ሰው ሙያውን ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል። ሽሮ ሜዳን ታውቋታላችሁ፤ ከአሜሪካ ኤምባሲ በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ። የምትለብሱት ሸማ፣ ለጥምቀት የምታወጡት የጥበብ ቀሚስ፣ ከዚያ ሰፈር ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚወጣው። ሸማኔው መሬት ቆፍሮ እግሩን ሰዶ ይቀመጣል፤ ድሩ ፊቱ ተወጥሯል፤ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ከጎኑ ብዙ ጊዜ ልጅ አለ። ማግ ያጠነጥናል፤ ጥቂት ከፍ ሲል ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ከጋሞ ደጋ ገና በለጋነታቸው ለዚህ ሥራ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ልጆች ታሪክ ረጅም ነው፣ ጣፋጭም አይደለም፤ በዘመዱ እጅ ሙያ የተማረ አለ፣ ትምህርት ቤት ሳያይ ጉድጓድ ውስጥ ያደገም አለ። አባባ ተስፋዬ «የነገ ፍሬዎች» ሲሉ ያ ልጅ ጎረቤት ቤት ሄዶ ጫማውን ደጅ አውልቆ ለመግባት ጫማም ጊዜም አልነበረውም።

ለእርሱ የነበረው ሬዲዮ ነው። ሸማኔ እጁ ሥራ ላይ ነው፣ እግሩ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይኑ ከጥለቱ ላይ አይነሳም፤ ጆሮው ብቻ ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ ከጉድጓዱ ራስጌ ምስማር ላይ ሬዲዮ ይሰቀላል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥቂት ነፍስ ይዘራል፤ ተመልሶ ይገባል። በዚያ ሬዲዮ ነው አማርኛ የገባው፣ አገርም የገባችው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በሬዲዮ ሲተርክ መወርወሪያ ቆሟል ብል ማን ይከሰኛል? ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር፤ እንደ አባባ ተስፋዬ ቴአትር ቤት ያሳደገው። አንድ ጉሮሮ ይዞ ፊታውራሪ መሸሻን ይሆናል፣ ሰብለወንጌልን ይሆናል፣ ጉዱ ካሣን ይሆናል። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ዛሬም ሲያነብ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው፤ ደራሲው ራሳቸው ያን ያህል አልተሰሙም።

በ1980 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ፤ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ዋንጫውን አስቀረች። ስታዲየም የገባው የገባውን ያህል ነው። የቀረው አገር ግን ጨዋታውን ያየው በሬዲዮ፣ በጨዋታ አስተላላፊው በደምሴ ዳምጤ አፍ ነው። አየው ነው የምለው፤ ሰማው አልልም። ደምሴ ኳሷን ሲከተል የአድማጩ ዓይን አብሮ ይሮጣል። ከሽሮ ሜዳ ጉድጓድ የነበረው ሸማኔም ያን ቀን ጎል አይቷል።

እንግዲህ ያ ከኦቾሎ የመጣ ልጅ በዚህ መካከል አደገ፣ አገባ፣ ወለደ። ልጁ ሽሮ ሜዳ ተወለደች፤ በአማርኛም በጋሞኛም ታወራለች። አሁን ቴሌቪዥን ሰፈሩ ውስጥ በዝቷል፤ ቀበሌውም አዳራሹ ውስጥ ሰቅሏል። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ ምስሉ ቀለም ለብሷል። ልጅቷ ሳጥኑ ፊት ትቀመጣለች። ብቅ ያሉት ማን ናቸው? እኚያው ናቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ «አባባ» የሚለው ስም በመጨረሻ ከዕድሜያቸው ጋር ተገናኝቷል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ይላሉ። ልጅቷ «ደህና!» ትላለች። አባትየው ከድሩ ቀና ብሎ፣ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይላታል።

በዚህ ሁሉ መካከል ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ ገብቷል፣ ደርግም ሄዷል። ዜና አንባቢው ይለወጣል፣ መዝሙሩ ይለወጣል፣ ከግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ፎቶግራፍ ይለወጣል። አያ ጅቦ ግን ያው ነው፤ ሞኝነቱም ያው ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ቀላል ያየዋል፤ «ለልጆች ተረት ማውራት ማንን ያስቆጣል?» ይላል። እኔ አልስማማም። ሦስት መንግሥት በአንድ ሰላምታ መሻገር፣ በአብዮት ዘመን ልጅን በስሙ እየጠሩ «የዛሬ አበባ» ማለት፣ ጽናት ይጠይቃል። ልጆቹን ወስደው ሰልፍ ላይ ያቆሟቸው ብዙዎች ነበሩ፤ እሳቸው ዙሪያቸው አስቀመጧቸው።

አርባ ሁለት ዓመት ሠሩ። በ1957 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ «ደህና!» ያለ ሰው፣ ፕሮግራሙ ሲቆም ሃምሳውን እየዳሰሰ ነበር። የቆመው በ2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አባባ ተስፋዬ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት ነበሩ። እንዴት ቆመ፣ ማን ምን አለ፣ ብዙ ተወርቷል፤ ወሬውን ለወሬኛ እተወዋለሁ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሳጥኑ ሲበራ ሰላም የሚል አልነበረም።

ተረቶቻቸውን በመጻሕፍት አሳትመዋል። መጽሐፍ ጥሩ ነው፤ ልጄም አንብባቸዋለች። ግን መጽሐፍ «እንደምን ናችሁ?» ብሎ ዝም አይልም።

ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ። ዘጠና አራት ዓመታቸው ነበር። በሀዘኑ ሰሞን የሸበቱ ሰዎች «አባቴ» እያሉ ሲያለቅሱ ሌላው አገር ቢያይ ግራ ይገባው ነበር፤ እንዴት የአንድ ሰው ልጅ በሚሊዮን ይቆጠራል? ደግሞ አብዛኞቹ በአካል አግኝተዋቸው አያውቁም። እሳቸውም አያውቋቸውም። ግን ለአርባ ሁለት ዓመት ሲጠየቁ መልሰዋል፤ እሳቸው ባይሰሙም።

አሁን ወደ ጋሞ ልመልሳችሁና እንለያይ።

እሳቸው ካረፉ ከአንድ ዓመት ትንሽ በኋላ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ቡራዩ ላይ ሰው ተገደለ፣ ቤት ተዘረፈ፤ ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ሰዎች ነበሩ፣ ሸማኔዎችም ነበሩባቸው። ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ። ወጣቱ ነደደ። በቀል ሊወጣ፣ በከተማው ባሉት ሰዎችና ንብረት ላይ ሊሄድ ተነሣ። የሚናደድበት ምክንያት ነበረው፤ ማንም «የለህም» ሊለው አይችልም።

የጋሞ ሽማግሌዎች መጡ። እነዚያ ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ልጅን ዝም የሚያሰኙ፣ ልጅ ሲያያቸው ተነሥቶ ቀድሞ ሰላም የሚላቸው አባቶች። ዱላ አላነሱም፤ አልተቆጡም። ርጥብ ሣር ይዘው ከወጣቶቹ ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። አባት ለልጁ! ከዚያ መልስ ጠበቁ።

ምስሉን አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥንና በስልኩ አየው። እኔም አየሁት፤ አንዱ አዛውንት ሣሩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ቀና ብለው ወጣቱን ሲያዩት።

ወጣቶቹ ተመለሱ።